ወተቱ ሲከዳችሁ፦ ቱዩብለስ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ የማስገባት ዘዴ

ሱሉልታን አልፌ ጫንጮ ሳልደርስ ነው የኮርሳ (የእሽቅድምድም) ሳይክሌ የኋላ ጎማ የተፋው። ተፋ ስል እውነቴን ነው። ነጩ ፈሳሽ እየተረጨ ጀርባዬን እስከ አንገቴ አለበሰኝ። ወረድኩና ቀዳዳውን ወደ ታች አዙሬ ጠበቅኩ። ቱዩብለስ (ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ) ጎማ ሲበሳ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ፈሳሹ ራሱ እስኪደፍነው መጠበቅ። አልደፈነውም። ቀዳዳው የትንሿ ጣቴን ጥፍር ያህል ነበር።

አልደነገጥኩም። ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ ካላማዳሪ አለ። መንፊያ አለ። የፕላስቲክ ማንሻ አለ። የቀረኝ የቱዩብለሱን ቫልቭ ፈትቶ ማውጣት ብቻ ነው። ቫልቩን ቸርኬው ላይ የሚያስረው ቀለበት ግን ንቅንቅ አልል አለ። በጣቴ ሞከርኩ። በጨርቅ ይዤ ሞከርኩ። በጥርሴም ሞክሬያለሁ፤ አልመክርም። ከሁለት ወር በፊት "አየር እንዳያስወጣ" ብዬ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በፒንሳ ያጠበቅኩት ራሴው ነኝ።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ ጭነቱን ሊያጠባብቅ አጠገቤ ቆመ። ረዳቱ ከመቀመጫ ሥር ፒንሳ አውጥቶ በአንድ ዙር ፈታውና ቀለበቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ጋሼ፣ ለዚህች ነው እንዴ ፀሐይ ላይ የቆሙት?"

አዎ፣ ለዚህች ነው። ካላማዳሪ ማስገባቱ ራሱ ቀላል ነው። ሰው የሚቸገረው አስቀድሞ መውጣት ያለበት ነገር ሳይወጣ ሲቀር ነው፤ ቫልቩ፣ እሾሁ፣ የደረቀው ፈሳሽ። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለማውጣት የሚያወራው ክፍል ቢረዝምባችሁ አትገረሙ።

ለመሆኑ ይቻላል ወይ?

ይቻላል። ቱዩብለስ ጎማ ማለት ጠርዙ ቸርኬውን አጥብቆ የሚነክስ፣ ያለ ካላማዳሪ አየር የሚይዝ ጎማ ነው። ውስጡ የሚጨመረው ሲላንት፣ እኛ በመልኩ "ወተት" የምንለው፣ ትንሽ ቀዳዳ ሲያገኝ እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል። ካላማዳሪ ብታስገቡበት ጎማው ምንም አይሆንም። እንደ ድሮው ጎማ ሆኖ ይሠራል፣ በቃ።

እኛ አገር ደግሞ ከመንገድ ዳር ብልሽት ያለፈ ምክንያት አለን። ብዙዎቻችን የምንነዳው ኮርሳ ከውጭ አገልግሎ የመጣ ነው። ወተቱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ደርቋል። ሲላንት እንደ አየሩ ሁኔታ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቢቆይ ነው፤ ደረቅና ሞቃት ቦታ ላይ ከዚያም ይፈጥናል። አዲስ ወተት ለማግኘት ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል። እስከዚያ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ይክረም? አይከርምም። የእኔ ሳይክል ራሱ አሁን ከፊት ቱዩብለስ፣ ከኋላ ባለ ካላማዳሪ ነው። እስካሁን አልተጣሉም።

የምታጡት ነገር ግን አለ። ትንሽ እሾህ በራሱ ጊዜ የሚደፈንበት ምቾት ይቀራል። ጎማውን እንደ በፊቱ ለስለስ አድርጎ መንዳትም አይቻልም፤ ምክንያቱን የአየር መጠን ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

በነገራችን ላይ ካላማዳሪ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛው ካሜራ ዳሪያ የመጣ ነው። የአየር ክፍል እንደ ማለት። ከመነዳሪ የሚለው አለ፣ ከለመዳሪ የሚለው አለ። ጎሚስታው ሁሉም ይገባዋል።

የትኛውን ካላማዳሪ?

የጎማችሁን ጎን አንብቡ። 28-622 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። 28 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 622 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። 700 ሲ የሚባለው ይኸው 622 ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 700 × 25–32 የሚል ካላማዳሪ ለዚህ ጎማ ልክ ነው።

መርካቶ ሄዳችሁ "28 ቁጥር ስጡኝ" ብቻ ብትሉ ግን ለድሮዎቹ ጥቋቁር ሳይክሎች የሚሆነውን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እሱ 28 × 1½ ነው፤ ዲያሜትሩም 635። ዋናው ችግር ዲያሜትሩ እንኳን አይደለም፣ ውፍረቱ ነው። ቀጭን የኮርሳ ጎማ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል። የታጠፈበት ቦታ ደግሞ እየተፋተገ ይበሳል።

ቫልቩ ፕሬስታ መሆን አለበት፤ ያ ጫፉ ላይ ትንሽ የምትፈታ ጭንቅላት ያለችው ቀጭኑ። የኮርሳ ቸርኬ ለእሱ ነው የተበሳው፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። የመኪናው ዓይነት ቫልቭ 8 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን አይገባም። "በድሪል እናስፋው" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሳይክላችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የቫልቩ ርዝመት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የቸርኬያችሁን ጥልቀት ለኩና ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ጨምሩበት። 40 ጥልቀት ላለው ቸርኬ 60፣ 50 ለሆነው ደግሞ 80 ውሰዱ። ያጠረ ከሆነ ቫልቩ ከቸርኬው ብቅ ስለማይል የመንፊያው አፍ የሚይዘው ያጣል። ይህን መንገድ ላይ ስታውቁት ነው የሚያናድደው።

ከምን ተሠራ? የተለመደው ጥቁሩ ቡቲል 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። ርካሽ ነው፣ ጎሚስታ ቤት ይለጠፋል። አሁን አሁን ደግሞ ቲፒዩ የሚባል ስስ ፕላስቲክ መጥቷል። ከ35 እስከ 40 ግራም ነው፤ ሲጠቀለል ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጥ። ለቱዩብለስ ጎማ ይመቻል፣ ምክንያቱም ቦታ ስለማይሻማ የጎማው ጠርዝ ቶሎ ይገባል። ግን ሁለት ጠባይ አለው። ከጎማ ውጭ ሆኖ ብዙ ከተነፋ ይለጠጥና ወደ ልኩ አይመለስም። ጎሚስታው በተለመደው ማስቲሽ ወይም በሚጋለው ብረቱ ሊለጥፈው ቢሞክር ደግሞ ያበላሸዋል፤ የራሱ መለጠፊያ ነው ያለው። ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ከሆነ እና ከእንጦጦ ቁልቁል የምትወርዱ ከሆነ፣ ቸርኬው ስለሚግል አምራቹ ለዚያ ዓይነት ፍሬን መፍቀዱን ካርቶኑ ላይ እዩ። እኔ ለቤት ውስጥ ሥራ ቡቲል፣ ቦርሳ ውስጥ ቲፒዩ እይዛለሁ።

ዛሬውኑ ቤታችሁ የምትሠሩት

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህቺን ሥሩ። ተነሡና የቱዩብለስ ቫልቫችሁን ቀለበት በባዶ እጅ ፍቱ። ከተፈታ መልሳችሁ በጣት ብቻ አጥብቁት። ካልተፈታ ዛሬ በፒንሳ ፍቱት፣ የደረቀውን ወተት ከጥርሱ ላይ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉበት፣ ከዚያ በጣት መልሱት። ቀለበቱ ቫልቩን ይዞ ማቆየት ነው ሥራው። አየር የሚይዘው ከውስጥ ያለው የጎማ እግሩ ነው፤ በፒንሳ ማሰር አያስፈልገውም።

ቦርሳ ውስጥ ከካላማዳሪውና ከመንፊያው ሌላ ሁለት የፕላስቲክ ማንሻ፣ አንድ ፌስታል፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ፣ ከሚጠጣ ወተት ካርቶን የተቆረጠ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ቁራጭ ያዙ። ትንሽ ፒንሳ ብትጨምሩ ማንም አይስቅባችሁም። እኔ ጨምሬያለሁ።

ጎማውን ማላቀቅ

የኋላው ከሆነ ማርሹን ትንሿ ጥርስ ላይ አድርጉና ጎማውን አውጡ። የቀረውን አየር ሙሉ በሙሉ አስወጡ።

እዚህ ላይ ቱዩብለስ ከተራው ጎማ ይለያል። ጠርዙ ቸርኬው ጎን ላይ ካለ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ተቆልፏል። አየር ስለወጣ ብቻ አይወርድም። ማንሻ አታስገቡ፤ ገና ነው። ጎማውን በሁለት እጅ ያዙና በሁለቱ አውራ ጣቶቻችሁ ጠርዙን ወደ ቸርኬው መሐል ግፉት። አንድ ቦታ ላይ "ጧ" ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ሌላው በቀላሉ ይከተላል። ዙሪያውን ሂዱበት፣ ሁለቱንም ጎን።

እምቢ ካለ ጎማውን መሬት ላይ አጋድሙና በመዳፋችሁ ሥር ጎማውን ብቻ ተጫኑት። ቸርኬው ላይ አትቁሙ፤ ካርቦን ከሆነማ ጨርሶ። አንዱ ጎን ከወረደ በኋላ ማንሻ አስገብታችሁ ያንን አንዱን ጎን ብቻ አውጡ። ሌላውን ጎን መንገድ ላይ ሆናችሁ ማውጣት የለባችሁም።

ቫልቩና ወተቱ

የቫልቩን ቀለበት ፍቱ፣ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፍታችሁ አውጡ። ቀለበቱን መልሳችሁ ራሱ ቫልቩ ላይ እሰሩትና ኪሳችሁ ውስጥ ዚፕ ያለበት ቦታ ክተቱ። ሣር ላይ የወደቀች የቫልቭ ቀለበት አትገኝም።

ጎማው ውስጥ የቀረ ወተት ካለ ፌስታሉ ውስጥ አፍስሱ። መንገድ ላይ አትድፉት፤ የሰው ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ልብስ ላይ ከደረቀ ደግሞ አይለቅም። ከዚያ ውስጡን በጨርቅ ጥረጉ። ሙልጭ ማለት የለበትም። ግን ኩሬ ሠርቶ ከቀረ ሲደርቅ ካላማዳሪውን ከጎማው ጋር ያጣብቀዋል፤ ኋላ ስታወጡት ይቀደዳል። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ በውኃና በጨርቅ አጽዱት፣ አድርቁት፣ ትንሽ የሕፃን ፓውደር በትኑበት። ረግቶ እንደ አይብ የተጠራቀመ ካለ በጣታችሁ ፍቀፉት።

እሾህ ለቀማ

ሰው የሚያልፈው ይህን ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚበሳበትም ለዚህ ነው።

አስቡት። ጎማው ለወራት በቱዩብለስ ሲሄድ ቆይቷል። የግራር እሾህ ወግቶታል፣ ወተቱ ደፍኖታል። ኩርንችት ወግቶታል፣ ደፍኖታል። የጠርሙስ ስባሪ ገብቷል፣ ደፍኖታል። እናንተ አንዱንም አላወቃችሁም። ሁሉም ግን እዚያው ተሰክተው አሉ። ካላማዳሪ ባስገባችሁ ቅጽበት እያንዳንዳቸው መርፌ ናቸው። መንገድ ላይ የጣለኝን ጎማ ቤቴ ወስጄ ስፈትሸው ሰባት ነገር አውጥቻለሁ። አራቱ እሾህ ነበሩ። ሁለቱ ከተላላጠ የከባድ መኪና ጎማ የሚወድቀው ቀጭን ሽቦ ነበሩ፤ ይህ ሽቦ ፀጉር ስለሚያህል በዓይን አይታይም። አንዷ የብርጭቆ ፍንካች ናት።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከውጭ ጎማውን እያዞራችሁ በዓይን እዩ። ጠቆር ያለች ነጥብ ካያችሁ ጎማውን በጣት ጫን ብላችሁ ከፈት አድርጓት። ከዚያ ከውስጥ። በባዶ ጣት አትዳብሱ፤ ሽቦው ጣት ይቀድዳል። ጥጥ ወይም ስስ ጨርቅ ይዛችሁ በቀስታ ዙሪያውን አስኪዱት። ጥጡ የተያዘበት ቦታ ላይ አለ ማለት ነው። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አዙሩ፣ ምክንያቱም ያጋደለ እሾህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚይዘው። ያገኛችሁትን በፒንሳ ወይም በጥፍር መቁረጫ ንቀሉት።

ከዚህ በፊት ቀዳዳ ላይ የጎማ ክር ሰክታችሁ ከነበረ፣ ከውስጥ በኩል የተረፈውን ጭራ ከጎማው ጋር እኩል አድርጋችሁ ቁረጡት። ካልቆረጣችሁት ካላማዳሪውን እየፈተገ ይበሳዋል።

ቀዳዳው ትልቅ ሲሆን

እንደ እኔው ጥፍር የሚያህል ከሆነ ካላማዳሪው በቀዳዳው እንደ ፊኛ ይወጣና ይፈነዳል። የወተት ካርቶኗ ሥራ እዚህ ነው። አጥፋችሁ ድርብ አድርጉና ከውስጥ ቀዳዳው ላይ አኑሯት። ሲነፋ ካላማዳሪው ራሱ ተጭኖ ይይዛታል። የጥርስ ሳሙና ቱቦ ቁራጭም ይሠራል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የአንድ ዶላር ኖት ነው የሚጠቀመው። ኖቱ ከጥጥና ከተልባ እግር ክር ስለተሠራ ይችላል፤ እኔ ግን በካርቶን እየቻልኩ ብር ጎማ ውስጥ አልከትም።

ይህ ቤት የሚያደርሳችሁ ነው። ጎን ላይ የተቀደደ ጎማን ከዚያ በኋላ ጣሉት።

ቴፑን ተዉት

ቸርኬው ላይ የተለጠፈውን የቱዩብለስ ቴፕ አታንሱ። ከሥሩ ቸርኬውን ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቴፑ ከሌለ ካላማዳሪው በአየር ተገፍቶ እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባና ይቀደዳል። የተቀደደ ወይም የተነሣ ቦታ መኖሩን ብቻ እዩ። በተለይ ቫልቩ አካባቢ።

ማስገባት

ካላማዳሪውን ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ንፉት። ቡቲል ከሆነ በአፍም ይሆናል። መጀመሪያ ቫልቩን በቀዳዳው አስገቡ። ከዚያ ከቫልቩ ጀምራችሁ ግራና ቀኝ ካላማዳሪውን ጎማው ውስጥ ክተቱ። እንዳይጠማዘዝ። ቫልቩ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ካላማዳሪው አንድ ወገን ተስቧል ማለት ነው፤ አስተካክሉት።

አሁን የቀረውን የጎማ ጠርዝ መመለስ ነው። ጀምሩ ከቫልቩ ትይዩ፣ ጨርሱ ቫልቩ ላይ። ይህን አትገልብጡት። ምክንያቱ ይህ ነው። የቸርኬው መሐል እንደ ቦይ ዝቅ ያለ ነው። ጠርዙ ቦዩ ውስጥ ሲወርድ ዙሪያው ያጥራል፣ እናንተ የምትሠሩበት በኩል ላላ ይላል። ቫልቩ ባለበት ቦታ ግን የቫልቩ ሥር ቦዩን ስለሞላው ጠርዙ አይወርድም። ከቫልቩ ብትጀምሩ ያቺን መላላት ታጣላችሁ። በቫልቩ ብትጨርሱ ሙሉዋን ታገኛላችሁ። ልዩነቱ ሚሊ ሜትሮች ነው፤ አውራ ጣት የሚያድነውም የሚገድለውም በእነዚያ ሚሊ ሜትሮች ነው።

የመጨረሻዋ ስንዝር

የቱዩብለስ ጎማ ጠርዝ አይለጠጥም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ስንዝር የምታህል ትቀራለች፣ አትገባም። ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ማንሻ ያነሣል። ጠብቁ።

መጀመሪያ ከካላማዳሪው ውስጥ የተወሰነ አየር አስወጡ። ቅርጽ እንዲይዝ የነፋችሁት አሁን ቦታ እየተሻማ ነው። ከዚያ ጎማውን ሆዳችሁ ላይ ደግፉና ከታች ከቫልቩ ትይዩ ጀምራችሁ ጎማውን በሁለት እጅ እየቆነጠጣችሁ ጠርዙን ወደ ቦዩ ጣሉት። እየቆነጠጣችሁና ወደ ላይ እየሳባችሁ ወደ ቫልቩ ውጡ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ የላላ ነገር ታገኛላችሁ። ሁለት ጊዜ ደግሙት። ብዙውን ጊዜ ያ ስንዝር አራት ጣት ይሆናል።

እንደዚያም ሆኖ ካልገባ የቀረችውን ጠርዝ በሳሙና ውኃ አርጥቧት። መንገድ ላይ ሳሙና ከየት ይመጣል? የመጠጥ ውኃም ይሠራል፤ ይዳልጣል። ከዚያ በመዳፋችሁ ሥር ወደ ላይ ግፉ፣ በጣት ጫፍ አይደለም። አንዴ ግራ ጫፏን፣ አንዴ ቀኝ ጫፏን፣ በየተራ።

አሁንም ካልሆነ ማንሻ ይፈቀዳል። ፕላስቲክ። ጫፉን ቸርኬው ላይ አሳርፋችሁ ትንሽ ትንሽ እየወሰዳችሁ። ካላማዳሪው በማንሻውና በቸርኬው መካከል እንዳይቆነጠጥ በሌላ እጃችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። አዲስ ካላማዳሪ በዚህች ሰከንድ የሚበሳው ሰው ብዙ ነው። እኔም አንዴ በስቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ስላልነበረኝ በእግሬ ወደ ሱሉልታ ተመለስኩ፣ በኮርሳ ጫማ። የዚያ ጫማ ጠባይ የገባው ያውቀዋል።

ከመንፋታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ

ጠርዙ ገባ ብላችሁ ወዲያው መንፊያ አትሰኩ። ቫልቩን ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ግፉትና መልሱት፤ ሥሩ ላይ የታነቀ ካላማዳሪ ካለ ይለቃል። ከዚያ ዙሪያውን ጎማውን ወደ ጎን እየገፋችሁ በጠርዙና በቸርኬው መካከል አጮልቁ። ቴፑን ብቻ ማየት አለባችሁ። ጥቁር ወይም ባለቀለም ካላማዳሪ ብቅ ካለ ተቆንጥጧል፤ ጎማውን እያንቀሳቀሳችሁ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። በሁለቱም ጎን። ያለዚያ ሲነፋ እንደ ጥይት ነው የሚፈነዳው።

መንፋት

መጀመሪያ 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ብቻ ንፉና አቁሙ። ጎማውን አዙሩት። ከጠርዙ አጠገብ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። ከቸርኬው እኩል ርቃ መታየት አለባት። አንድ ቦታ ላይ ጠልቃ ከገባች ጠርዙ እዚያ ጋ አልወጣም። ንፋቱን ስትቀጥሉ "ጧ፣ ጧ" እያለ ደረጃው ላይ ይወጣል። ድምፁ ያስደነግጣል፣ ጤናማ ነው። ካልወጣ አየሩን አስወጡ፣ ያንን ቦታ አርጥቡ፣ እንደገና ንፉ። ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን በላይ ነፍቶ ለማስወጣት መሞከር ግን የለም።

ስንት ይነፋ? እኔ 72 ኪሎ ነኝ። በ28 ጎማ ቱዩብለስ ሳለ ከኋላ 65 ፒኤስአይ ነበር የምነዳው። ካላማዳሪ ሲገባ 75 አደርገዋለሁ። ከ5 እስከ 10 መጨመር ነው ነገሩ። ካልጨመራችሁ ጉድጓድ ስትመቱ ካላማዳሪው በጎማውና በቸርኬው መካከል ይጨፈለቅና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል፣ እባብ የነደፈው ይመስል። ቱዩብለስ ውስጥ የሚጨፈለቅ ነገር ስለሌለ ነው ዝቅ ማድረግ የተቻለው። ከበድ ያለ ሰው ከዚህ ይጨምር፣ ቀለል ያለው ይቀንስ። መለኪያችሁ በባር ከሆነ አንዱ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

በትንሿ የእጅ መንፊያ 75 ለመድረስ 200 ጊዜ ከመግፋት በላይ ነው። መንገድ ላይ 55 ካደረሳችሁ ጉድጓድ እየሸሻችሁ ቤት ትገባላችሁ።

ሁክለስ ቸርኬ ካላችሁ

ይህን ክፍል በቁም ነገር ያዙልኝ። አንዳንድ አዳዲስ ቸርኬዎች ጠርዙን የሚይዝ የውስጥ መንጠቆ የላቸውም፤ ሁክለስ ይባላሉ። የቸርኬው ተለጣፊ ወይም የአምራቹ መመሪያ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለእነዚህ የኮርሳ ጎማ ከፍተኛው አየር 5 ባር ነው፣ 72.5 ፒኤስአይ። ካላማዳሪ ስላስገባችሁ ይህ ጣሪያ አይነሣም። የእኔ 75 ለእናንተ አይሠራም ማለት ነው።

ሌላው፣ ሁክለስ ላይ ካላማዳሪ ቢገባም ጎማው የግድ ቱዩብለስ መሆን አለበት። "ካላማዳሪ ካለው ተራ ጎማም ይሆናል" ብሎ ማሰብ አደጋ ነው። የተራው ጎማ ጠርዝ ሊለጠጥና ከቸርኬው ሊዘል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኤኢ ቱር ውድድር የቤልጂየሙ ቶማስ ደ ጌንት ጎማው ከሁክለስ ቸርኬ ላይ ወጥቶበት ሲወድቅ፣ የእነዚህ ቸርኬዎች ደህንነት በብስክሌት ዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ሰነበተ። እሱ እንግዲህ ከጀርባው መካኒክ ያለው ባለሙያ ነው።

ጎሚስታ ቤት ከሄዳችሁ

የሰፈሬ ጎሚስታ ጎበዝ ልጅ ነው። የሚኒባስ ጎማ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። የእኔን ጎማ መጀመሪያ ያየ ቀን አየሩን ሲያስወጣ ወተቱ እጁ ላይ ፈሰሰ። ጎማውን አየ፣ እኔን አየ።

"ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ወተት ይጠጣል እንዴ?"

አስረዳሁት። ሳቀና የክንዴን ያህል የሚረዝም የብረት ማንሻ አነሣ። ጮህኩ። ቸርኬው በብረት ከተጫረ በኋላ ቱዩብለስ ሆኖ አየር መያዙ ያጠራጥራል፤ ካርቦን ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማውጣትና ማስገባቱን ራሳችሁ ሥሩ፣ ለጎሚስታው መለጠፉንና አየሩን ስጡት። የእሱ ኮምፕሬሰር ለመኪና ቫልቭ ስለሆነ ፕሬስታ ላይ የምትታሰር ትንሽ የነሐስ ማገናኛ ያስፈልጋችኋል። ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ይኑራችሁ። ሲነፋም በአጭር በአጭሩ እየተነካ እንዲሆን ንገሩት። ለከባድ መኪና የተሠራ ኮምፕሬሰር የኮርሳ ካላማዳሪን በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከልክ በላይ ያደርሰዋል።

ወደ ቱዩብለስ ስትመለሱ

ከአሜሪካ ሻንጣው መጥቶ ወተት አገኛችሁ እንበል። ካላማዳሪውን ስታወጡ ቴፑን በብርሃን እዩ። የካላማዳሪው ግፊት ቴፑን የሽቦ ቀዳዳዎቹ ላይ አጎድጉዶት ሊሆን ይችላል። በጥቂቱ ቢሆን ችግር የለውም። የሳሳ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ግን ሙሉውን ቀይሩት፤ ያለዚያ አየሩ በዚያ በኩል ቀስ እያለ ያልቅና ጥፋቱን በወተቱ ታሳብባላችሁ። ያንን ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ ወተት አይደፍነውም፤ ከውስጥ ለጥፉት ወይም ጎማውን ቀይሩ።

ቫልቩንም ፈልጉት። የእኔ ከሦስት ወር በኋላ የተገኘው የዝናብ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ ከነቀለበቱ፣ ታጥቦና ተተኩሶ።